ለስማርት ቲቪ የሚሆን የሲም ራውተር፦ ማይፋይ፣ የስልክ ሆትስፖት ወይስ ሶኬት ላይ የሚሰካው?

ለእማዬ ስማርት ቲቪ የገዛንላት በፋሲካ ሰሞን ነበር። ሐሳባችን ቀላል ነው። ዲሹ ላይ የማታገኘውን ስብከትና መዝሙር በዩቲዩብ ትከታተላለች፤ ውጭ አገር ያሉት የልጅ ልጆቿ የሚልኩትን ቪዲዮም በትልቁ ታያለች። ቲቪው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ኢንተርኔት ግን የለም። የምትኖርበት የኮንዶሚኒየም ብሎክ ድረስ የገመድ ኢንተርኔት አልገባም። ስለዚህ ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር ፍለጋ ወጣን።

እስኪስተካከል ድረስ ሦስት ጊዜ ተሳስተናል። መጀመሪያ የወንድሜን ስልክ ሆትስፖት አደረግነው። እሱ ከቤት ሲወጣ ቲቪውም ዝም አለ። ቀጥሎ ማይፋይ የሚባለውን ባትሪ ያለው የኪስ ራውተር ገዛን፤ በአራተኛው ወር ባትሪው አበጠ። ከዚያ ሶኬት ላይ የሚሰካ ራውተር ገዝተን ከቲቪው ሥር አስቀመጥነው። ቀን ቀን ጥሩ ይሠራል። ማታ ማታ ግን ክቧ መሽከርከር ብቻ ነው። በመጨረሻ ያንኑ ራውተር ወደ ኩሽናው መስኮት ስናዛውረው ችግሩ ተፈታ። ራውተሩ ያው ነው፤ የተቀየረው ቦታው ነው።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤትም ዘመድም «የቱን ራውተር ልግዛ?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልሴ አንድ ነው። መጀመሪያ ቤታችሁ ውስጥ ኔትወርኩ የት ጋ እንደሚበረታ እወቁ። ዕቃው ከዚያ በኋላ ይመረጣል።

ቲቪው የሚፈልገው ፍጥነት

ካርቶኑ ላይ «150 ሜጋ ቢት»፣ «300 ሜጋ ቢት» የሚል ቁጥር በትልቁ ተጽፎ ታያላችሁ። ብዙ ሰው የሚገዛው ይህን ቁጥር አይቶ ነው። ቲቪው የሚያስፈልገው ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው።

ዩቲዩብ በ480 ጥራት ለማየት በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት ገደማ ይበቃል። ለ720 ሁለት ተኩል፣ ለ1080 ደግሞ 5 ሜጋ ቢት ይፈልጋል። ፎርኬ የሚባለው ከ1080 በላይ ያለው ጥራት ከሆነ ወደ 20 ይጠጋል። ኔትፍሊክስም ለ1080 የሚጠይቀው 5 ሜጋ ቢት ነው፤ ለፎርኬ 15። እንግዲህ አስቡት። እናትና አባት ዜና፣ ስብከት ወይም ድራማ ለሚያዩበት ቤት 5 ሜጋ ቢት ሳይቋረጥ ከመጣ በቂ ነው።

ዋናው ቃል «ሳይቋረጥ» የሚለው ነው። ስልክ ላይ አንድ ገጽ ስትከፍቱ ኔቱ ለአምስት ሰከንድ ቢጠፋ ልብ አትሉትም። ቲቪ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ይጠባል። መሐል ላይ ደጋግሞ ከደከመ ምስሉ ይቆማል፤ ወይም ጥራቱ ወርዶ ፊት የማይለይ ይሆናል። ስለዚህ አንዴ 40 ደርሶ አንዴ 1 ከሚሆን መስመር ይልቅ ሁሌም 6 ወይም 7 የሚሰጥ ይሻላል። ይህን ደግሞ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር አይነግራችሁም። የሚወስነው ቤታችሁ የሚደርሰው ሲግናልና በምሽት የአካባቢው ሰው ብዛት ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት በስልካችሁ ለኩ

ይህ ክፍል ከሁሉም በላይ ይጠቅማችኋል፤ ገንዘብም አያስወጣም።

አገራችን ውስጥ አሁን የሞባይል ኔትወርክ ያላቸው ሁለት ድርጅቶች ናቸው፤ ኢትዮ ቴሌኮምና በ2022 አገልግሎት የጀመረው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ። አንዱ በአንዱ ሰፈር ይበልጣል፤ ሌላው በሌላው። በዚህ ጉዳይ የጓደኛችሁ ምስክርነት አይሠራም። እሱ ገርጂ ነው፤ እናንተ ኮልፌ። የሁለቱንም ሲም አግኙና በየተራ በስልካችሁ ሞክሩ። ሲም የሌላችሁን ከጎረቤት ወይም ከዘመድ ለአንድ ምሽት ብቻ መዋስ ይቻላል።

የምትሞክሩት ማታ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ስልኩን ይዟል። ያኔ ነው አንቴናው የሚጨናነቀው። ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ላይ ለክታችሁ «30 ሜጋ ቢት አገኘሁ» ብትሉ ለቲቪ ምንም ማለት አይደለም፤ ቲቪ የሚታየው ማታ ነው። የፍጥነት መለኪያ አፕ ከፍታችሁ ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ ኩሽና፣ በረንዳ እያላችሁ በየቦታው ሁለት ሦስት ጊዜ ለኩ። ወረቀት ላይ ጻፉት።

ሲግናሉን ራሱን ማየትም ትችላላችሁ። አብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ በሚለው ሥር የሲም ሁኔታ የሚል ቦታ አላቸው። እዚያ የሲግናሉ ጥንካሬ በዲቢኤም ይጻፋል፤ ቁጥሩ የመቀነስ ምልክት አለው። −80 ወይም −85 ካያችሁ በጣም ጥሩ ነው። −95 አካባቢ በደንብ ይሠራል። −105 ሲደርስ ማንገራገር ይጀምራል። −110ን ካለፈ ቦታ መቀየር ወይም የውጭ አንቴና ማሰብ አለባችሁ።

በአንድ ቤት ውስጥ ያለው ልዩነት ያስገርማል። ኮንዶሚኒየም ብረትና ኮንክሪት ነው፤ ወደ ውስጥ በገባችሁ ቁጥር ሲግናሉ ይወድቃል። የቆርቆሮ ጣሪያም ከላይ የሚመጣውን ይመልሳል። እማዬ ቤት ሳሎን ውስጥ ቲቪው ጋ −108 ነበር። ኩሽናው መስኮት ላይ −91። በመሐላቸው ያለው ሰባት እርምጃ ነው። ያን ሁሉ ወር ስንማረርበት የነበረው ነገር ይኸው ነበር።

የስልክ ሆትስፖትና ዶንግል

ሆትስፖት ለሙከራ ጥሩ ነው። ቲቪው ኢንተርኔት ላይ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት፣ ለእንግዳ አንድ ምሽት ፊልም ለማሳየት ይበቃል። በየቀኑ ከሆነ ግን አልመክርም። ስልኩ ይግላል፤ ባትሪው ቶሎ ይደክማል። ባለ ስልኩ ሲወጣ ኢንተርኔቱም አብሮ ይወጣል። ሌላም ነገር አለ። ፓኬጅ ስትገዙ በተለይ ያልተገደበ የሚባለውን፣ ሆትስፖትና ራውተር ላይ ይሠራል ወይ ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ደንቡ ከፓኬጅ ፓኬጅ ይለያያል።

ዶንግል የሚባለው ፍላሽ የመሰለው የዩኤስቢ ሞደም ነው። ብዙ ሰው «ቲቪው ዩኤስቢ ቀዳዳ አለው፤ እዚያ ብሰካው ይሠራል» ብሎ ይገዛል። አብዛኛው ስማርት ቲቪ ግን ሞደም አያውቅም። ያ ቀዳዳ ለፍላሽና ለሃርድ ዲስክ ነው። ራሱ ዋይፋይ የሚያሰራጭ ዶንግል ከሆነ ከቲቪው ኤሌክትሪክ ብቻ ወስዶ ሊሠራ ይችላል፤ ግን የቲቪ ዩኤስቢ የሚሰጠው ኃይል ብዙ ጊዜ ግማሽ አምፒር ብቻ ነው። አይበቃውም፤ ደጋግሞ ይጠፋል። ለቲቪ ብላችሁ ዶንግል አትግዙ።

ማይፋይ

ማይፋይ ባትሪ ያለው፣ በኪስ የሚገባ ራውተር ነው። ገበያ ላይ በብዛት የሚታወቁት እንደ ሁዋዌ ኢ5577 እና ቲፒ-ሊንክ ኤም7350 ያሉት ናቸው። ሁለቱም ባለ 4ጂ ሲሆኑ ወረቀት ላይ እስከ 150 ሜጋ ቢት ይሄዳሉ። ለቲቪ ይበቃሉ ማለት ነው።

ጥቅማቸው ግልጽ ነው። ተከራይ ከሆናችሁና ቤት የምትቀያይሩ ከሆነ፣ ወይም ቅዳሜና እሑድ ቤተሰብ ዘንድ የምትሄዱ ከሆነ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። መብራት ሲጠፋ ስልኮቹ ኢንተርኔት አያጡም። ተማሪ ያለበት ቤት ከሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ቀን ከሌት ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ለቲቪ ስትጠቀሙበት ይመጣል። ባትሪው ሁሌም ሙሉ ነው፤ ዕቃው ሁሌም ሞቃት ነው። የሊትየም ባትሪ እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ አይችላቸውም። ቀስ በቀስ ያብጣል። የእማዬ ማይፋይ የኋላ ክዳኑ ተነስቶ ነው ያየነው። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ አትጫኑት፤ አትበሱት፤ ወዲያው ንቀሉና ከቤት አውጡት። ማይፋይ ላይ ከቆረጣችሁ ባትሪው የሚወልቅና በገበያ መተኪያ የሚገኝለት ይሁን። ቲቪው ሲጠፋ ከቻርጀሩ መንቀልን ልማድ አድርጉት። ቲቪው ጀርባ ወይም መጋረጃ ሥር አትሸጉጡት፤ አየር ይፈልጋል።

ሁለተኛው ድክመቱ ዋይፋዩ አጭር መሆኑ ነው። ጥሩው ሲግናል መስኮት ላይ፣ ቲቪው ደግሞ ሁለት ግድግዳ አልፎ ከሆነ ማይፋይ ይቸግረዋል። የላን ገመድ (የኢንተርኔት ገመድ) መሰኪያም በአብዛኛው የለውም።

ለአንድ ክፍል ቤት ግን ክብር ይገባዋል። ክፍሉ አንድ ከሆነ መስኮቱም ቲቪውም እዚያው ናቸው። በዚህ ሁኔታ ትልቅ ራውተር ላይ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ሶኬት ላይ የሚሰካው

ቲቪው ቋሚ ከሆነ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ባትሪ የለውም፤ ስለዚህ የሚያብጥ ነገር የለም። አንቴናው ትልቅ ስለሆነ ስልክ ወይም ማይፋይ የማይይዘውን ደካማ ሲግናል ይይዛል። ዋይፋዩ ሁለት ሦስት ክፍል ያዳርሳል። ከኋላው የላን ገመድ መሰኪያ አለው።

ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ዋና ዋናውን ልንገራችሁ። ዝቅተኛው መደብ ካት 4 ይባላል፤ እስከ 150 ሜጋ ቢት ነው። ሁዋዌ ቢ315 እና ቲፒ-ሊንክ ኤምአር6400 እዚህ ውስጥ ናቸው። ሁለቱም አራት የላን መሰኪያ አላቸው፤ ዋይፋያቸው ግን ባለ 2.4 ጊጋ ኸርዝ ብቻ ነው። ከፍ ያለው ካት 6 ነው፤ እስከ 300 ሜጋ ቢት። ቲፒ-ሊንክ አርቸር ኤምአር600 እዚህ ይመደባል። ሁዋዌ ቢ535ም እስከ 300 የሚሄድ ነው። እነዚህ ሁለቱን የዋይፋይ ባንድ (የሞገድ ዓይነት)፣ 2.4ንም 5ንም፣ ይሰጣሉ።

ታዲያ ቲቪው 5 ሜጋ ቢት ከበቃው ካት 6 ለምን? ለፍጥነቱ አይደለም። ካት 4 በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ የሞገድ መስመር ብቻ ነው። ካት 6 ሁለት መስመሮችን አንድ ላይ ያጣምራል። ማታ አንደኛው ሲጨናነቅ በሌላው ይተነፍሳል። ኔትወርኩ በሰፈራችሁ ይህን ማጣመር የሚሰጥ ከሆነ በምሽት ልዩነቱ ይታያል። ካልሰጠ ግን ካት 6 ከካት 4 እኩል ይሆናል። እኔ አቅም ካለ ካት 6፣ ከሌለ ደግሞ ካት 4 ጥሩ ቦታ ላይ ማስቀመጥ እላለሁ። መስኮት ላይ ያለ ካት 4 ጓዳ ውስጥ ካለ ካት 6 ይበልጣል።

ሌላው የምትመለከቱት ነገር የውጭ አንቴና መሰኪያ ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው የሁዋዌ ራውተሮች ከኋላቸው ሁለት መሰኪያ አላቸው። የቲፒ-ሊንኮቹ አንቴናዎች ደግሞ ይፈታሉ። ከከተማ ወጣ ያለ ቦታ፣ ሱሉልታ ወይም ሰበታ ዳር ለሚኖር ሰው ይህ ወሳኝ ነው። ጣሪያ ላይ የሚሰቀል አንቴና ገዝታችሁ ወደ ማማው ብታዞሩት ከ−112 ወደ −95 የሚያመጣበት ጊዜ አለ። ሁለት ነገር አስታውሱ። 4ጂ የሚሠራው በሁለት አንቴና ነውና ሁለት ገመድ ያለው ይሁን። ገመዱም አጭር ይሁን። በረዘመ ቁጥር ያገኛችሁትን ሲግናል መልሶ ይበላዋል።

ድክመቱ መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ራውተሩ ይጠፋል። ቲቪውም አብሮ ስለሚጠፋ ለቲቪ ብቻ ብዙ አያሳስብም። ስልኮቹ እንዲቀጥሉ ከፈለጋችሁ ለራውተር የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ፣ ይሸጣል። ስትገዙ የራውተሩን አዳፕተር አገላብጡና ቮልቱን አንብቡ። አብዛኞቹ 12 ቮልት ናቸው፤ 9 ቮልት የሚጠቀምም አለ። አዳፕተሩ ተቃጥሎ «ቀዳዳው ገብቶለታል» ተብሎ በተሳሳተ ቮልት የሞተ ራውተር በዓይኔ አይቻለሁ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ከፍ ብሎ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ቲቪውንም ራውተሩንም በአንድ ስታቢላይዘር አስገቧቸው።

5ጂ ራውተርስ? አዲስ አበባ ውስጥ 5ጂ የደረሰበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነና ቤቱ ውስጥ ሦስት አራት ሰው በአንድ ጊዜ ቪዲዮ የሚያይ ከሆነ ጥሩ ነው። ለአንድ ቲቪ ግን ዋጋውን አይመልስም። 5ጂ ግድግዳ የማለፍ አቅሙ ከ4ጂ ያነሰበት ጊዜ ብዙ ነው። መስኮት ጋ ካልሆነ ተመልሶ 4ጂ ላይ ይወድቃል። ያኔ በ5ጂ ዋጋ 4ጂ ገዛችሁ ማለት ነው።

ከቲቪው ጋር ይስማማል ወይ?

ራውተሩ ይሠራል፤ ስልኩ ይገናኛል፤ ቲቪው ግን ዋይፋዩን አያየውም። ይህ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው። ምክንያቱ ጥቂት ስለሆነ ልዘርዝረው።

ርካሽና የቆዩ ስማርት ቲቪዎች የሚያዩት 2.4 ጊጋ ኸርዝ ብቻ ነው። ራውተሩ በ5 ብቻ እያሰራጨ ከሆነ ለቲቪው የለም ማለት ነው። አንዳንድ ማይፋዮች ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው በአንድ ጊዜ የሚያወጡት፤ ስለዚህ ሴቲንጉን ማየት ያስፈልጋል። ቲቪው ሁለቱንም የሚያይ ከሆነና ራውተሩ እዚያው ክፍል ውስጥ ከሆነ 5ን ምረጡ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ 2.4 የጎረቤት ሁሉ ዋይፋይ የሚጋፋበት መንገድ ነው። በመሐል ግድግዳ ካለ ግን 2.4 ይሻላል፤ ግድግዳ የሚያልፈው እሱ ነው።

ሌላው የይለፍ ቃሉ አጠባበቅ ነው። አዳዲስ ራውተሮች ደብሊውፒኤ3 የሚባለውን ይዘው ይመጣሉ። የቆየ ቲቪ ይህን አያውቀውም። ትክክለኛውን ቃል ብታስገቡም «አልተሳካም» ይላችኋል። ደብሊውፒኤ2 ላይ ስታደርጉት ይገባል። የራውተሩን የሴቲንግ ገጽ ለመክፈት በስልካችሁ ብራውዘር በሁዋዌ አብዛኛውን ጊዜ 192.168.8.1፣ በሌሎቹ 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1 ብላችሁ ጻፉ። አድራሻው ራውተሩ ሆድ ላይ ከይለፍ ቃሉ ጋር ተለጥፏል።

ሁሉም ተስተካክሎ ዩቲዩብ ብቻ እምቢ ካለ የቲቪውን ቀንና ሰዓት እዩ። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚመለስ ቲቪ አለ። ቀኑ ከተሳሳተ አፑ አይከፈትም።

ገመድ መዘርጋት የምትችሉ ከሆነ ደግሞ ስለ ዋይፋይ ብዙ አትጨነቁ። ራውተሩን መስኮት ላይ አድርጋችሁ ከዚያ እስከ ቲቪው የላን ገመድ ሳቡ። እኛ በመጨረሻ እማዬ ቤት ያደረግነው ይህን ነው። አሥር ሜትር ገመድ ከግድግዳው ሥር ወስደን ሰካን። ራውተሩ የሚሻለውን ሲግናል ይይዛል፤ ቲቪው ደግሞ ከዋይፋይ ጋር አይታገልም። የቲቪው የላን መሰኪያ ብዙ ጊዜ ከ100 ሜጋ ቢት አያልፍም፤ ግን 5 ለሚፈልግ ቲቪ 100 ተትረፍርፏል። ቲቪ ስትገዙም የላን መሰኪያ እንዳለው ከጀርባው እዩ።

ከአሜሪካ ስለሚላከው ራውተር

አክስት ወይም ወንድም ከዲሲ ወይም ከዳላስ ሲመጣ «እዚያ ርካሽ ነው» ብሎ ራውተር ይዞ ይመጣል። ልቡ ጥሩ ነው። ግን ከመግዛቱ በፊት ደውላችሁ ሁለት ነገር አስጠይቁ።

አንደኛው ቁልፍ ነው። እዚያ በቴሌኮም ድርጅቶች ሱቅ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ለራሳቸው ሲም የተቆለፈ ነው። የኛን ሲም አይቀበልም። ሁለተኛው የሞገድ ባንድ ነው። ለአሜሪካ ኔትወርኮች የተሠራ ራውተር ባንድ 13፣ 14፣ 66፣ 71 የመሳሰሉትን ይይዛል። እዚህ ብዙ የሚሠራበት ባንድ 3፣ ማለትም 1800 ሜጋ ኸርዝ፣ ላይኖረው ይችላል። ያን ጊዜ ራውተሩ ይበራል፤ ሲሙን ያነባል፤ 4ጂ ግን አያገኝም። ከአውሮፓ፣ ከዱባይ ወይም ከሳውዲ የሚመጣው ባንድ 3 ስለሚኖረው በዚህ በኩል ይሻላል፤ ቁልፉን ግን እዚያም አረጋግጡ። ላኪው የራውተሩን ሞዴል ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁና ባንዶቹን ከመግዛቱ በፊት እዩ።

የወሩ ፓኬጅ

ራውተሩ የአንድ ጊዜ ወጪ ነው። ፓኬጁ ግን በየወሩ ነው፤ ቤተሰብን የሚያስጨንቀውም እሱ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

5 ሜጋ ቢት በሰከንድ ለአንድ ሰዓት ሲፈስ ሁለት ጊጋ ከሩብ ይሆናል። በቀን ሦስት ሰዓት በ1080 ጥራት የሚያይ ቤት በወር ወደ 200 ጊጋ ይጨርሳል። በ720 ከሆነ 100 ገደማ ነው። በ480 ደግሞ ወደ 45 ይወርዳል። ፎርኬ በሰዓት 9 ጊጋ ሊበላ ይችላል፤ በአንድ ፊልም ብቻ የሳምንቱ ፓኬጅ ይሄዳል።

43 ኢንች ቲቪ ላይ ከሦስት ሜትር ርቀት ተቀምጦ ስብከት ወይም ውይይት ለሚያይ ሰው 720 ጥሩ ነው። ልዩነቱን እማዬም አላየችው፤ እኔም። ችግሩ የቲቪው ዩቲዩብ ጥራቱን ራሱ እየመረጠ ኔት ባገኘ ቁጥር ወደ ላይ መውጣቱ ነው። ለዚህ መፍትሔ አለ። አንዳንድ ራውተሮች ለእያንዳንዱ ዕቃ የፍጥነት ጣሪያ እንድታስቀምጡ ይፈቅዳሉ፤ የቲፒ-ሊንኮቹ ገጽ ላይ ይገኛል። ለቲቪው 3 ሜጋ ቢት ብትወስኑለት ከ720 በላይ ለመውጣት አቅም ያጣል። ዕቃ ስትመርጡ ይህ አማራጭ አለው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ በዓመት ውስጥ የራውተሩን ዋጋ የሚመልስ ጥያቄ ነው። ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው ራሱ እንዲቀጥል የሚያደርገውንም አጥፉ። እማዬ ከሰዓት እንቅልፍ ሲወስዳት ቲቪው ሲያወራ ይውላል።

ፓኬጅ መሙላቱም ቀድሞ ይታሰብበት። ሲሙ ራውተር ውስጥ ስለሆነ *999# ብሎ መደወል አይቻልም፤ ራውተሩ ገጽ ላይ ይህን የሚሠራም የማይሠራም አለ። «ፓኬጅዎ ሊያልቅ ነው» የሚለው መልእክትም የሚገባው ራውተሩ ውስጥ ነው፤ ማንም አያየውም። እኛ ቁጥሩን በእኔ ስልክ መዝግበን ከቴሌብር እየሞላንላት ነው። ወላጆቻችሁ ብቻቸውን የሚኖሩ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ አዘጋጁላቸው።

እንግዲህ የቱን?

አንድ ክፍል ቤት ተከራይታችሁ ከሆነና ሲግናሉ ከ−95 የማይወርድ ከሆነ ማይፋይ ግዙ። ሁለትና ሦስት ክፍል ያለው ቤት ከሆነ፣ ቲቪውም አንድ ቦታ የሚቀመጥ ከሆነ ሶኬት ላይ የሚሰካውን ካት 4 ወይም ካት 6 ግዙና አሥር ሜትር ገመድ ጨምሩ። ከከተማ ዳር ከሆናችሁ የአንቴና መሰኪያ የሌለውን አትንኩ። ያገለገለ መግዛት ነውር የለውም። እንዲያውም ለካት 4 ጥሩ ምርጫ ነው፤ ባትሪ ስለሌለው የሚደክም ነገሩ ጥቂት ነው። ያገለገለ ማይፋይ ግን ባትሪውን አውጥታችሁ ሳታዩ አትክፈሉ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፤ ከተወዛወዘ አብጧል።

መርካቶም ሂዱ ቦሌ፣ የራሳችሁን ሲም ይዛችሁ ሂዱ። የራውተሩ ሲም መግቢያ ከስልካችሁ ሲም ሊሰፋ ስለሚችል ማስፊያዋን ፕላስቲክ አትርሱ። ሻጩ ፊት ይሰካ፤ የ4ጂ መብራቱ እስኪበራ ጠብቁ፤ ስልካችሁን አገናኙና አንድ ቪዲዮ ክፈቱ። አዳፕተሩ የራሱ መሆኑን ከቮልቱ አመሳክሩ። ቤት ወስዳችሁ ሲግናል ካጣ በስንት ቀን እንደሚቀይርላችሁ ደረሰኙ ላይ ያስፍርላችሁ። ሲሙን አስገብታችሁ እንድትሞክሩ የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።